ቤንዚኑ አንድ፣ ሞተሩ ልዩ ልዩ፤ መኪና ሲገዛ የሚዘነጋው የኦክቴን ጉዳይ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ገዢዎች አስቀድመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። የስንት ዓመት ምርት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ እንደገና የተቀባ? መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል ወይ? በአንድ ሊትር ስንት ይሄዳል? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሞተሩ ለምን ዓይነት ቤንዚን ታስቦ ተሠራ የሚለው ጥያቄ ግን ከገዢም ሆነ ከደላላ አፍ እምብዛም ሲወጣ አይሰማም።

ጥያቄው የሚዘነጋበት ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ ማደያዎች ለአሽከርካሪው የሚቀርበው ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በጃፓን አሽከርካሪው ማደያ ሲደርስ ከሁለት ወይም ከሦስት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ከፍ ይላል። እዚህ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። በመሆኑም የኢትዮጵያ አሽከርካሪ የቤንዚን ምርጫውን የሚጨርሰው መኪናውን የገዛ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩና ማደያው የሚስማሙ ከሆነ ደህና፤ ካልተስማሙ ግን ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

ጉዳዩ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ፣ በገበያው ላይ እጅ የሚቀያየረው የቤንዚን መኪና በአብዛኛው ቀደም ሲል የገባው ነው። ያ መኪና ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግል ይጠበቃል። ፒስቶኑና ቴስታታው ያለ ዕድሜያቸው እንዳይበላሹ የሚፈልግ ሁሉ የኦክቴንን ነገር ማወቁ ይጠቅመዋል።

ኦክቴን ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን የበለጠ ኃይል ያለው ይመስለዋል። ይህ ስህተት ነው። የኦክቴን ቁጥር የሚለካው ቤንዚኑ በግፊትና በሙቀት ውስጥ ሆኖ የካንዴላ ብልጭታ ሳይነካው በራሱ ከመንደድ የሚቋቋምበትን ልክ ነው። በሊትር ውስጥ ያለው ጉልበት ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ አይጨምርም።

ለመለኪያነት ሁለት ንጹሕ ፈሳሾች ተመርጠዋል። አይሶኦክቴን የተባለው ለመንደድ እጅግ የሚያስቸግር በመሆኑ 100 ተሰጠው። ሄፕቴን የተባለው ደግሞ በቀላሉ በራሱ ስለሚነድ ዜሮ ተባለ። አንድ ቤንዚን 91 ኦክቴን ነው ሲባል 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚያሳየውን ጠባይ ያሳያል ማለት ነው። ፍተሻው የሚካሄደው እየሠራ ሳለ እመቃው ከፍና ዝቅ ሊደረግ በሚችል ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ነው። ይህ የመፈተሻ ሞተር በአሜሪካ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራ ሲሆን ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሞተር ለምን ያንኳኳል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ያምቃል። ልክ ጫፍ ሊደርስ ሲል ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እንደ ሣር ቃጠሎ ወደ ሲሊንደሩ ዳርና ዳር ይስፋፋል። ይህ ሥርዓት ያለው ቃጠሎ ነው፤ ፒስቶኑን ወደ ታች የሚገፋውም እርሱ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው እሳቱ ገና ያልደረሰበት የመጨረሻው ድብልቅ ላይ ነው። ይህ ድብልቅ በአንድ በኩል በፒስቶኑ ታምቋል፤ በሌላ በኩል እየሰፋ የሚመጣው እሳት ይጨምቀዋል፤ ያሞቀዋልም። እሳቱ እስኪደርስለት መታገሥ ካቃተው ባለበት በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው የግፊት ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ መዶሻ ይመታዋል። ባለሙያዎች ሞተሩ ያንኳኳል የሚሉትና አሽከርካሪው በተለይ በከባድ ማርሽ ዳገት ሲወጣ የሚሰማው የብረት ድምፅ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ማንኳኳትን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም የመጨረሻው ድብልቅ የሚደርስበት ግፊት፣ የሚደርስበት ሙቀትና እሳቱን የሚጠብቅበት ጊዜ ናቸው። ሦስቱንም የሚቀርጸው የሞተሩ አሠራር ነው። የመኪናው ዋጋና ስም ግን በዚህ ውስጥ ድርሻ የላቸውም።

የእመቃው ምጣኔ

ከአሠራሩ ክፍሎች ዋነኛው በሙያው ኮምፕሬሽን ሬሾ የሚባለው የእመቃ ምጣኔ ነው። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ባለ 1,500 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይወሰድ። እያንዳንዱ ፒስቶን ከታች እስከ ላይ ሲጓዝ 375 ሲሲ ያህል ይጠርጋል። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት 62.5 ሲሲ ቢሆን፣ 437.5 ሲሲ የነበረው ድብልቅ በ62.5 ሲሲ ውስጥ ታምቋልና ምጣኔው 7 ለ 1 ነው። ክፍተቱ ወደ 39.5 ሲሲ ቢጠብ ግን ምጣኔው 10.5 ለ 1 ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ብቻ የተመረጡ አይደሉም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበረው ባለ 1,200 ሲሲ ቮልስዋገን ምጣኔው 7 ለ 1 ነበር። ቶዮታ በአንዳንድ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ መኪኖቹ ላይ የገጠመው 1ኤንዜድ ኤፍኢ የተባለው ባለ 1,500 ሲሲ ሞተር ደግሞ 10.5 ለ 1 ነው። አሮጌው ቮልስ ዝቅተኛ ኦክቴን ያለውን ቤንዚን ያለ ቅሬታ ሲጠጣ የኖረው ድብልቁን ያን ያህል ስለማያስጨንቀው ነው።

ታዲያ ፋብሪካዎች ምጣኔውን ለምን ከፍ ያደርጋሉ? መልሱ ቁጠባ ነው። ድብልቁ አብልጦ ሲታመቅ ከአንድ ሊትር የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። በንድፈ ሐሳብ ስሌት 7 ለ 1 የሆነ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 54 በመቶውን፣ 10.5 ለ 1 የሆነው 61 በመቶውን ወደ ሥራ ሊለውጥ ይችላል። በእውነተኛው ሞተር ውስጥ በጭስ፣ በራዲያተርና በሰበቃ ብዙ ስለሚባክን የሁለቱም ድርሻ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ የበላይነቱ ግን ምንጊዜም ምጣኔው ከፍ ያለው ነው።

የሞተርና የነዳጅ ታሪክ በአብዛኛው በዚህ ጉዳይ ዙሪያ የተደረገ ትግል ነው። የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1921 ቴትራኤቲል ሊድ የተባለው የእርሳስ ውሕድ ማንኳኳትን እንደሚያስቀር ካገኘ በኋላ ምጣኔው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያድግ ቆየ። እርሳሱ ጤና የሚጎዳ መሆኑና የጭስ ማጣሪያውን የሚያበላሽ መሆኑ ወደ ኋላ ሲያስመልስ፣ ጄኔራል ሞተርስ ለ1971 የሠራቸውን ሞተሮች ምጣኔ ዝቅ አድርጎ 91 ኦክቴን ባለው ቤንዚን እንዲሠሩ አደረገ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችም እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) መባቻ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ አቁመዋል። ዘመናዊ ሞተሮች እንግዲህ እርሳሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ በአሠራራቸው መተካት ነበረባቸው።

ምጣኔው ብቻውን አይበቃም

አንድ ገዢ የእመቃ ምጣኔውን ብቻ አይቶ ቢፈርድ ሊሳሳት ይችላል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ገበያ ያወጣው ባለ 1.3 ሊትር ዴሚዮ 14 ለ 1 የሆነ ምጣኔ ይዞ በተራው የጃፓን ቤንዚን ይሠራል። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የወጣው ቶዮታ ፕሪየስ ባለ 1.5 ሊትር ሞተርም 13 ለ 1 ሆኖ ተራ ቤንዚን ይበቃዋል። ይህ የሆነው መሐንዲሶች ድብልቁን በሌላ መንገድ ስላቀዘቀዙት ወይም የሚጠብቅበትን ጊዜ ስላሳጠሩለት ነው።

ከመንገዶቹ አንደኛው የማቃጠያው ክፍል ቅርጽ ነው። ካንዴላው ከመሐል ሲተከል እሳቱ ወደ ዳር የሚጓዘው ርቀት ያጥራል። ለአንድ ሲሊንደር አራት ባልቦላ የተገጠመላቸው ሞተሮች ካንዴላቸውን መሐል ለማድረግ የሚመቻቸውም ለዚህ ነው። ሲሊንደሩ ጠበብ ያለ ሲሆንና የሚገባው አየር በኃይል የሚሽከረከር ሲሆንም ቃጠሎው ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛው ሙቀትን ማስወገድ ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከብረት ቴስታታ ይልቅ ሙቀትን ቶሎ ወደ ውኃው ያስተላልፋል። ማዝዳ ደግሞ የጭስ መውጫውን ቱቦዎች በማርዘም የአንዱ ሲሊንደር ትኩስ ጭስ ወደ ሌላው እንዳይመለስ አድርጓል።

ሦስተኛው ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ መርጨት ነው። ቤንዚን ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፤ እጅ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ቅዝቃዜ ምስክር ነው። በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች ይህን ቅዝቃዜ እመቃው በሚካሄድበት ሥፍራ ያገኙታል።

አራተኛው የባልቦላው ጊዜ ነው። በፕሪየስ ሞተር የአየር ማስገቢያው ባልቦላ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስቶኑ መውጣት ሲጀምር ከድብልቁ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። በወረቀት 13 ለ 1 የተባለው እመቃ በተግባር ያነሰ ነው ማለት ነው።

ቱርቦ ሲገጠም

ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ሌላ ሒሳብ አለው። ቱርቦ አየሩን ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት ያምቀዋል። የቱርቦው ተጨማሪ ግፊት ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ሲሊንደሩ ከሚገባው እጥፍ ገደማ አየር ይቀበላል። አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅም ኢንተርኩለር የተባለው ማቀዝቀዣ ካልረዳው በስተቀር ድብልቁ ገና ሲገባ የጋለ ይሆናል። በመሆኑም ቱርቦ ያለው ሞተር በጽሑፍ የሰፈረው ምጣኔ ዝቅተኛ ቢመስልም የሚፈልገው ኦክቴን ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ብዙ የአውሮፓ ትንንሽ የቱርቦ ሞተሮች 95 ኦክቴን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በሲሲው ማነስ ብቻ ቆጣቢ ነው ተብሎ የሚሸጥ መኪና በዚህ ረገድ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ያደረገው ውለታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ድብልቁ የሚደርስበት ግፊትም እንዲሁ። ስለሆነም በጅቡቲ ዳርቻ የሚያንኳኳ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ዝም ሊል ይችላል። በአሜሪካ የተራራማ ክፍለ ግዛቶች ከሌላው አካባቢ ዝቅ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን በማደያ ሲሸጥ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ውለታ ግን ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ ቱርቦ የጎደለውን አየር ስለሚያሟላ ባለ ቱርቦ ሞተር ከከፍታው የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ከከተማ ሲወጣ ውለታው እየቀረ ይሄዳል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል፤ የውጭው ሙቀትም በእጅጉ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ምንም ምልክት ያላሳየ መኪና ጭነት ይዞ በዚያ መንገድ ሲያንኳኳ ቢሰማ ማደያውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሞተሩ የአየሩን ለውጥ እየተናገረ ነው።

በዝምታ የሚከፈል ዕዳ

በካርቡራተር የሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ሲያንኳኩ በግልጽ ይሰማሉ። ባለሙያው ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት አዙሮ ብልጭታውን በማዘግየት ያስተካክለዋል። በአዳዲሶቹ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኖክ ሴንሰር ነው። በሞተሩ አካል ላይ ተጣብቆ የማንኳኳትን ንዝረት ሲያዳምጥ ለኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ብልጭታውን ያዘገየዋል።

ይህ ፒስቶኑን ያድነዋል፤ ወጪው ግን አይቀርም። ብልጭታው ሲዘገይ ከቃጠሎው የሚገኘው ጉልበት ያንሳል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን አብልጦ ይረግጣል፤ ጭሱም በጣም ይግላል። ባለ 95 ኦክቴን መኪና ከዚያ ባነሰ ቤንዚን ሲነዳ ድምፅ ሳያሰማ በየቀኑ ነዳጅ ያስከፍላል ማለት ነው። ሴንሰሩ ከተበላሸ ወይም ጭነቱ ከማስተካከል አቅሙ በላይ ከሆነ የፒስቶኑ ራስ ሊበሳ፣ የፋሻ መያዣው ሊሰበር፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል።

በተቃራኒው ለ91 የተሠራ ሞተር 98 ቢሞላለት የሚያተርፈው ነገር የለም። በዱባይ ወይም በሪያድ ለተራ መኪናቸው ከፍተኛውን ደረጃ የሚሞሉ ሰዎች ትርፍ ገንዘብ ከመክፈል በቀር ሞተራቸው ያላዘዘውን ነገር እየሰጡት ነው።

ቁጥሩ የየትኛው አገር ነው?

በነዳጅ መሙያው ክዳን ጀርባ የተጻፈው ቁጥር መኪናው ከተሠራለት ገበያ ጋር መታየት አለበት። በአሜሪካ ማደያዎች የሚለጠፈው ቁጥር የሁለት የፍተሻ ዘዴዎች አማካይ ሲሆን፣ በአውሮፓ፣ በጃፓንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጻፈው ግን ከሁለቱ ከፍ ያለውን ቁጥር የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ መኪና 87 ቢል በባሕረ ሰላጤው አቆጣጠር ወደ 91 ይጠጋል፤ ዝቅተኛ ነዳጅ የሚበቃው ነው ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። የጃፓን ተራ ቤንዚን 90 አካባቢ ሲሆን ጃፓኖች ሃይኦኩ የሚሉት ከፍተኛው ደረጃ ከ96 ይጀምራል። ከአውሮፓ የመጣ መኪና በአብዛኛው 95 የተጻፈበት ነው። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ያስፈልጋል የሚለውና ይመከራል የሚለው ቃልም ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ግዴታ፣ ሁለተኛው ምክር ነው።

ጋራዥ የሚለውጠው ቁጥር

አንድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የኦክቴን ፍላጎት ለዘለቄታው አይጸናም። ከላይ በተጠቀሰው ባለ 1,500 ሲሲ ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ክፍተት ውስጥ 2 ሲሲ ያህል ካርቦን ቢጠራቀም፣ 39.5 ሲሲ የነበረው ክፍተት 37.5 ይሆናል፤ ምጣኔውም ከ10.5 ወደ 11 ለ 1 ያድጋል። ካርቦኑ ራሱ ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ጉዳቱ ይብሳል።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው ቴስታታ ነው። ሞተር ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታው ሲጣመም ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጋል። የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲላግ ከክፍተቱ ወደ 2 ሲሲ ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ የተላገ ቴስታታ ያለው መኪና እንግዲህ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው መኪና አይደለም። ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን በመጠቀም ምጣኔውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፤ ይህ መደረጉን ግን ሻጩ ወይም ባለሙያው ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም። ያልጸዳ ራዲያተርና ለሞተሩ ከተመደበው የሞቀ ካንዴላም ፍላጎቱን ከፍ ያደርጋሉ።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይጠቅማል። አንደኛ፣ በነዳጅ መሙያው ክዳን ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የሰፈረው የኦክቴን ቁጥር ስንት ነው? መኪናውስ ለየትኛው አገር ገበያ የተሠራ ነው? ሁለተኛ፣ የሞተሩ ሞዴል ምንድን ነው? የእመቃ ምጣኔውን በሞዴሉ ማግኘት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ቱርቦ አለው ወይ? አራተኛ፣ ቴስታታው ወርዶ ያውቃል ወይ? ከሆነስ ምን ያህል ተላገ? አምስተኛ፣ የሞተር ምልክት መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል ወይ? የኖክ ሴንሰር ብልሽት ከተመዘገበ በኮምፒዩተር ፍተሻ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ መኪናውን ከፍ ባለ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ዳገት ማስወጣትና ድምፁን ማዳመጥ ይገባል። በሞተር አቅሙ ላይ ጫና ሲበዛ የሚሰማ ቀጭን የብረት ድምፅ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ የዋጋ ድርድሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ የሚጠጡ መኪኖች ግን በዚህ ሚዛን አይለኩም። በናፍጣ ሞተር የሚፈለገው ነዳጁ ያለ ካንዴላ በራሱ ቶሎ እንዲነድ ነውና መለኪያውም ሴቴን የተባለ ሌላ ቁጥር ነው።

ሁለት መኪኖች በዋጋ፣ በዓመተ ምሕረትና በሲሲ እኩል ሆነው ሲቀርቡ፣ ቱርቦ የሌለውና በተራ ቤንዚን እንዲሠራ የታሰበው ከማደያው ጋር ሳይጣላ ይኖራል። ሌላው ጉልበቱ ደስ ቢያሰኝም የሚፈልገው ነዳጅ በሌለበት አገር ያንን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም፤ ገዢው ግን የከፈለው ለሙሉው ነው።